«ደህና ነኝ» ያለውን አትመኑት፣ «እንመለስ» ያለውን ስሙት



ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ እኔና ባለቤቴ ለጥቂት ቀን በእግር ልንጓዝ አስበናል፤ ምን ምን መድኃኒት እንያዝ?» የሚል ነው። እሁድ ጠዋት ታቦር ተራራ ወይም አላሙራ የወጣ ሰው የሐዋሳ ጥንዶች የእግር ጉዞን ምን ያህል እንደወደዱት ያያል። ደስ ይላል! ለደም ግፊቱም፣ ለስኳሩም፣ ለትዳሩም ጥሩ ነው። ታቦርን የለመደ ደግሞ ወንዶ ገነትን፣ ከዚያ ባሌን፣ ከዚያ ጋሞን መመኘቱ አይቀርም።

የእኔ መልስ ግን ከመድኃኒት አይጀምርም። ከቤት ሳትወጡ አንድ ስምምነት አድርጉ እላለሁ። ሙቀት ውስጥ ስትጓዙ ከሁለታችሁ አንዱ «እንመለስ» ካለ ሌላው አይከራከርም። በቃ። ለምን እንዲህ እንደምል በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ከአርባ ምንጭ ተነስተን ወደ ዶርዜ፣ ከዚያም ጨንቻን አልፈን የጋሞን ደጋ ለአራት ቀን በእግር ልናይ ወጣን። አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ታች ያቃጥላል፣ ላይ ይበርዳል። እኛ የላዩን ብርድ ፈርተን ቦርሳችንን በጃኬትና በብርድ ልብስ ሞላነው፤ ውሃ ግን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሊትር ብቻ ያዝን። ቁርስ ላይ ስንዝናና ቆይተን መንገድ የጀመርነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስህተቶቹን እናንተው ቁጠሩልኝ።

5 ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱ መሃል ነን። ባለቤቴ «አንድ ነገር እየደጋገምክ ነው የምታወራው» አለችኝ። ተቆጣኋት። ከውሃዋ ልታካፍለኝ ስትል «አልፈልግም» አልኳት። ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ። «ትንሽ እንረፍና እንመለስ» ስትለኝ ምን ብል ጥሩ ነው? «ደህና ነኝ፤ እኔ እኮ ሐኪም ነኝ!»

እሷ ግን አልተከራከረችኝም። «ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠርልኝ» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለታካሚዎች የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የሰማችውም ከእኔው ነው። 93 አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ።

ቦርሳዬን አውርዳ ዛፍ ጥላ ስር አስቀመጠችኝ። የቀረውን ውሃ ግማሹን አንገቴና ራሴ ላይ አፈሰሰችው፤ ግማሹን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችኝ፤ በነጠላዋ አራገበችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ያለፈ መኪና ወደ ታች ይዞን ወረደ። በዚያ ዓመት ዶርዜን አላየናትም። እኔ ግን ይኸው ይህን እጽፍላችኋለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ዳገት ስንወጣ ጡንቻዎቻችን ብዙ ሙቀት ያመነጫሉ። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በላብ ነው። በሙቀት ውስጥ ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ያ ካልተተካ፣ ወይም ሙቀቱ ላብ ከሚያስወጣው በላይ ከሆነ፣ የውስጥ ሙቀታችን ይጨምራል። መጀመሪያ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ይመጣል። 40 ዲግሪ ገደማ ደርሶ አእምሮ መዛባት ከጀመረ ግን ያ ሂት ስትሮክ ነው፤ ይገድላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «ታምሜያለሁ» ብሎ የሚነግረን አእምሯችን ነው። ሙቀት ቀድሞ ከሚያውካቸው አንዱ ደግሞ እሱው ነው። ስለዚህ በሙቀት የተጎዳ ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም። ሐኪም ቢሆንም! የእናንተ ቴርሞሜትር አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባልና ሚስት የአንድ ዓመት ልጃቸውንና ውሻቸውን ይዘው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን የተራራ ጉዞ ወጡ። ዛፉ ከዓመታት በፊት በሰደድ እሳት ስለተቃጠለ መንገዱ ጥላ አልነበረውም፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ አለፈ። የያዙት ውሃ 2 ሊትር ተኩል ገደማ ነበር። አራቱም ሞተው ተገኙ፤ የውሃ መያዣው ባዶ ነበር። ከወራት ምርመራ በኋላ ምክንያቱ ከፍተኛ ሙቀትና ሊሆን የሚችል የውሃ እጥረት ነው ተባለ። መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የባለቤቴን «ቁጠርልኝ» አስታውሳለሁ።

ጥንዶች ላይ ጎልቶ የማየው አንድ ችግር አለ። መቻል! እኛ አገር «ቻይ ናት»፣ «ቻይ ነው» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። ባል «ደከመኝ» ማለትን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ሚስት «ደስታውን ላበላሽበት?» ብላ ራስ ምታቷን ትደብቃለች። ብዙ ሴቶች ደግሞ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም ብለው ውሃ ሆን ብለው አይጠጡም። ባሎች ሆይ፣ ይህን አታውቁም ነበር አይደል? ጠይቋት፤ ገለል ያለ ቦታ አይታችሁ ጠብቁላት። በትዳር መቻል ጥሩ ሊሆን ይችላል። በሙቀት ውስጥ መቻል ግን አደጋ ነው።

«ዶክተር፣ የአገሩ ሰው ያንን ዳገት ሸክም ይዞ ይወጣው የለም እንዴ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይወጣዋል። ግን ሰውነቱ ለምዶታል። ሰውነታችን ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኛ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የሐይቁ ነፋስ የሚያገኘን የሐዋሳ ሰዎች ትላንት በመኪና ወርደን ዛሬ ጠዋት ቆላውን «ለመድነው» ማለት አንችልም።

እንግዲህ ለመሄድ ከወሰናችሁ፦

1. በጠዋት ውጡ። 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ፈልጋችሁ አርፉ። የት እንደደረሳችሁ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ ይወስን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጭር አድርጓቸው።

2. ውሃ ከጃኬት ይቅደም። በሙቀት ስትጓዙ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ጠጡ። በሰዓት ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ግን አትጋቱ፤ ከመጠን ያለፈ ንጹህ ውሃ የደም ውስጥ ጨውን አሳንሶ ራሱ አእምሮን ያዛባል። ኦ.አር.ኤስ ያዙ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። የምንጭ ውሃ ካገኛችሁ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል።

3. መድኃኒት የምትወስዱ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊን፣ የአእምሮና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በሙቀት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ጉልበቴን አመመኝ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ እየዋጣችሁ አትጓዙ፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። በጾም ምክንያት ውሃ የማትጠጡ ከሆነ ጉዞውን ከጾሙ በኋላ አድርጉት፤ ተራራው የትም አይሄድም።

4. እርስ በርስ ተያዩ። መደናቀፍ፣ መንተባተብ፣ ዕቃ ከእጅ መጣል፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቁሙ። የሒሳብ ጥያቄ ጠይቁ። ካልመለሰ ውይይት የለም።

አእምሮው ከተዛባ ደግሞ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ በመንገድ ላይም ማቀዝቀዙ አይቋረጥ። ወደ ጥላ አምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ መላ ሰውነቱን በውሃ አርሱት፣ አራግቡት። ራሱን ላልያዘ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ትን ይለዋል። ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይሠራም፤ በእሱ ጊዜ አታጥፉ። ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የወባ ምርመራ አድርጉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? ቅጠሉ ያቺ አጭር ቃል ናት፦ እንመለስ።

እኔና ባለቤቴ በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ወደዚያው መንገድ ተመለስን። በጠዋት ተነሳን፤ ስድስት ሊትር ውሃ ያዝን። ዶርዜ ደረስን፤ የዝሆን የሚመስሉትን የቀርከሃ ቤቶች አየን፤ ቆጮውን በማርና በዳጣ በላን። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ «ቁጠር» አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ ቆጠርኩ፣ አልተቆጣሁም።

እናንተስ? ከሁለታችሁ «ደህና ነኝ» ማለት የሚያበዛው ማነው? ኮመንት ላይ ንገሩኝ። ይህን ጽሑፍ ደግሞ አብሯችሁ ተራራ ለሚወጣው ሰው ላኩለት።

መልካም ጤንነት፣ መልካም ጉዞ!