«ባትሪው ሞቷል» አትበሉን፤ ለክታችሁ አሳዩን

አሮጌ ሀይብሪድ መኪና ያለው ሰው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን በበራ ቀን የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ይቀየር።» ከጎፋ እስከ ሳሪስ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ጋራዥ ብትቀያይሩ ፍርዱ አይቀየርም። ምን ተለካ? ስንት ቮልት ተገኘ? የትኛው ክፍል ነው የደከመው? መልስ የለም።

ይህ ፍርድ ዛሬ ቤት ያፈርሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ከዚያ በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን በዕድሜው ልክ ቀጥቶታል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። ቤንዚን በ2017 በሊትር 100 ብርን አልፏል። ታዲያ ነዳጅ የምትቆጥበውን መኪና ሳይለኩ መግደል ምን ይባላል? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን ፕሪየስን እንውሰድ። የሁለተኛው ትውልድ ትልቁ ባትሪ በተርታ የተያያዙ 28 ክፍሎች አሉት። አንዱ ሲደክም መብራቱ ይበራል። አንድ ጥርስ ስላመመ መንጋጋ አይነቀልም! እርግጥ የተተካው ክፍል ከቀሩት ጋር ካልተመጣጠነ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። በእርግጥም ያለቀ ባትሪ አለ። ለዚህም ነው በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይወሰን የምንለው። አንዳንዴማ ጥፋቱ ትልቁ ባትሪ ጋ አይደለም፤ የደከመው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ወይም ኢንቨርተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ሊሆን ይችላል።

ባትሪውን የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀት ነው። የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በሚሳብ አየር ሲሆን፣ መሳቢያው የኋላው ወንበር ጎን ነው። የጀሞና የለቡ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አቧራ ያንን ፋን ሲደፍነው፣ እኛም በላዩ ሻንጣና ጆንያ ስንቆልልበት ባትሪው ይታፈናል። ፋኑን ማጽዳት ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ባለመኪናዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ቁልቁለቱን በፍሪ የሚለቅ ሹፌር ስንቱ ነው? አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት፤ ሀይብሪድ ቁልቁለቱንም ፍሬኑንም ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ፍሪ ላይ ግን ባትሪው አይሞላም። ማርሹን ዲ ላይ ትታችሁ ፍሬኑን ቀደም ብላችሁ በለስላሳው ያዙ፤ ባትሪውም ይሞላል፣ የፍሬን ሸራውም ይቆያል። የሞተር ዘይት፣ ኩላንትና የፍሬን ዘይት በጊዜያቸው ይቀየሩ። ጎማ በልኩ ይነፋ። መኪናዋን ወራት አታቁሟት።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁ አትንኩ። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከ200 ቮልት በላይ ይሄድበታል። ይህ የመንገድ ዳር ሙከራ ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ነው። የሠለጠነው ሰው የት አለ? «አሮጌውን ጣሉና ኤሌክትሪክ ግዙ» ለሚሉን አንድ ነገር እንንገራቸው፦ ያም በባትሪ የሚሄድ ነው፤ ነገ እሱም ያረጃል። ዛሬ 28 ክፍል ለክቶ የታመመውን መለየት ያልቻለ ጋራዥ፣ ነገ የኤሌክትሪኩን ባትሪ ምን ሊያደርገው ነው? ያኔም «ሞቷል፤ ይቀየር» ሊል ነው።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥገናን በተግባር ያስተምሩ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የባትሪውን ጤና በቁጥር ይጻፍልን። እናንተም ጋራዥ ስትገቡ ውጤቱን በወረቀት ሳታዩ አንድ ብር አትክፈሉ። ያልለካ አይፍረድ!