ወይን ቤት ለእኛም ዕድሜ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ወይን ቤቶች በርክተዋል። ልጆቻችን ለልደት ወይም ለእናቶች ቀን «እማዬ፣ ዛሬ ምሳ ውጭ ነው» ይሉና ይዘውን ይገባሉ። ቦታው ደስ ይላል። ሙዚቃው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እየተጨዋወተ ይበላል። ችግሩ የሚጀምረው ሜኑው ሲመጣ ነው። ፊደሉ ደቃቅ፣ ስሙ ባዕድ፣ ዋጋው አስደንጋጭ። አባት «ለእኔ ቢራ ይበቃኛል» ይላል፣ እናት ለስላሳ ታዛለች፣ የጋበዙት ልጆችም ቅር ይላቸዋል።

ሰሞኑን ሁለት አንባቢዎች ስለዚሁ ጠይቀውኛል። አንደኛዋ «ወይን ከምን ምግብ ጋር ነው የሚሄደው?» ስትል፣ ሌላው አባት ደግሞ «ከስኳር መድኃኒቴ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለዋል። ለእኔ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። ወይን ከማዕድ ጋር ሲሆን ፍጥነቱን የሚወስነው ምግቡ ነው፤ ከማዕድ ሲለይ ግን ጠባዩ ይለወጣል።

በእኛ ጊዜ ወይን ማለት ጉደር ነበር። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ በዓመት በዓል ይከፈታል። ጣፋጭ የሚወድ አክሱማይት ይላል። ኮካ ኮላ ቀላቅሎ የሚጠጣውም ብዙ ነው። አትቀየሙኝና ይህን ልማድ አልወደውም፤ ስኳሩ አልኮሉን ስለሚሸፍነው ሰው ምን ያህል እንደጠጣ አያውቀውም። በአምቦ ውኃ የሚያቀጥኑትን ግን እደግፋለሁ፤ ፈረንጆቹ ቢስቁም ይሳቁ። በኋላ የካስቴል እርሻ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተተከለና በፈረንጆቹ 2014 ሪፍት ቫሊ እና አካሽያ የሚባሉት ጠርሙሶች ወጡ። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ወይኑን እንዳይረግጥ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩን ስሰማ ስቄአለሁ። አሁን በብዙ ወይን ቤቶች ከውጭ ከመጣው ጎን እነዚህም አሉ፤ ዋጋቸውም ይሻላል።

ወይንና ምግብ ማስማማት አዲስ ዕውቀት አይምሰላችሁ። እናቶቻችን ዶሮ ወጥ ሲያቀርቡ ጠጅ ከአጠገቡ ያስቀመጡት በዘፈቀደ አልነበረም። ጣፋጭ ነገር የበርበሬን ማቃጠል ያበርዳል። አልኮል ደግሞ በተቃራኒው ምላሳችን ላይ ሙቀትን የሚያውቀውን ነርቭ ያነቃዋል፤ ስለዚህ አልኮሉ የበዛ ደረቅ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲገናኝ አፍ ይነዳል፣ ወይኑም ይመራል። ብዙ ሰው «ወይን አልወድም» የሚለው ይህን አንድ ጊዜ ቀምሶ ይመስለኛል። ለበርበሬና ለሚጥሚጣ የሚሆነው ቀዝቀዝ ያለ፣ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ወይም ሮዝ ወይን ነው። አካሽያ መካከለኛ ጣፋጭ የሚባለው ለዚህ ይሆናል። «ጣፋጭ ወይን የማያውቅ ሰው ነው የሚጠጣው» የሚሏችሁን አትስሟቸው። እነሱ ያሰቡት ስቴክ ነው፣ እናንተ ያዘዛችሁት አዋዜ ነው።

እንጀራም የራሱ ነገር አለው። ኮምጣጣ ስለሆነ አጠገቡ የሚቀርበው ወይን ኮምጠጥ ካላለ ውኃ ውኃ ይላል። በየዓይነቱ ስታዙ ደረቅ ነጭ ወይን ሞክሩ፤ ከሚላም ሆነ አዋሽ ክሪስታል ያስኬዳል። (ጿሚዎች ሥርዓታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ፤ በዚህ አልገባም።) ባለቤቴ በጣም የወደደው ግን ሌላ ነው፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ሎሚ ተጨምቆበት ከሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ጋር። ዓሣውም የዝዋይ፣ ወይኑም የዝዋይ ከሆነ «ጎረቤታሞች ናቸው፣ አይጣሉም» ይላል።

ቀይ ወይን አፍን የሚያደርቀው ታኒን በሚባል ነገር ነው። ያለ ስኳር የተጠጣ ወፍራም ሻይ ድድ ላይ የሚተወውን ስሜት አስታውሱ፤ ያው ነው። ሥጋ ሲበላ ታኒኑ ይለዝባል። ስለዚህ አዋዜ ያልበዛበት ጥብስ፣ ለብለብ የተደረገ ክትፎ ሚጥሚጣው ለብቻው ሆኖ፣ ወይም ጠንከር ያለ ቺዝ ከሜርሎ ወይም ከሲራ ጋር ይስማማል። ቀይ ወይን «አይቀዘቅዝም» የሚባለውም እንደ አገሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ይጠጣል፤ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ከሁሉ የማይስማማው የልደት ኬክ ነው። ኬኩ ከወይኑ ከጣፈጠ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል። ኬኩ ሲመጣ ብርጭቆውን አንሱና ቡና እዘዙ።

አስተናጋጁ ጠርሙስ ከፍቶ ትንሽ ሲቀዳላችሁ ደግሞ አትደናገጡ፤ ፈተና አይደለም። አሽትቱት። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ቡሹ አበላሽቶታል፤ ኮምጣጤ ከሸተተ አየር ገብቶበታል። ሁለቱም ይመለሳል፤ አያሳፍርም። በብርጭቆ ካዘዛችሁ «መቼ ነው የተከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የመድኃኒት ጠርሙስ ቀን ሳላይ መርፌ ቀድቼ አላውቅም፤ ወይኑንም እንደዚያው እጠይቃለሁ። ከፍሪጅ ውጭ ቀናት የቆየ ከሆነ ሌላ ይክፈቱ።

አሁን ወደ ሙያዬ። ልብ ያዝ የሚል ርዕስ ላይ ነንና ግልጽ ልሁን፦ ቀይ ወይን ለልብ መድኃኒት ነው እየተባለ የኖረውን አታምኑት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ የማይጠጣ ሰው ለጤናዬ ብሎ አይጀምር። የምንጠጣ ደግሞ ለደስታ መሆኑን አውቀን፣ ልኩን አውቀን እንጠጣ።

ልኩ ይህ ነው። 12 በመቶ አልኮል ያለው 150 ሚሊ ሊትር ወይን 14 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። በእኔ ቤት የቡና ስኒ ሁለት ስኒ ነው፤ ለክቼዋለሁ። አንድ ጠርሙስ ለ5 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ጉበት ይህን አንድ ብርጭቆ ለማስወገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቡና ቢጠጡ፣ ፊት ቢታጠቡ አይፈጥንም። በእኛ ዕድሜ ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቀንስ ያው ብርጭቆ በ40 ዓመታችን ከነበረው ይበልጥ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሆድ ባዶ ከሆነ አልኮሉ ቶሎ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል፤ ምግብ ካለ ጨጓራ ይዞት በዝግታ ይለቀዋል። «መጀመሪያ ቁራሽ ዳቦ» የምለው ለዚህ ነው።

ስኳር ያለባችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ ጉበት ከራሱ ያወጣና ይሞላል። አልኮል ሲመጣ ጉበቱ በእሱ ስለሚጠመድ ይህን ሥራ ይቀንሳል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ሳይበሉ ከጠጡ ስኳራቸው ከሰዓታት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ ሳሉም ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተምታታ ንግግር ነው። አያችሁት? ስካር ይመስላል። ተረኛ ሳለሁ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ተብሎ የቆየ ሰው በስኳር ማነስ ራሱን ስቶ ሲመጣ አይቻለሁ። ቤተሰብ ይህን ካወቀ ግሉኮሜትሩን አውጥቶ ይለካል እንጂ ብርድ ልብስ አያለብስም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ሜትሮኒዳዞል በምትወስዱበት ጊዜና ከጨረሳችሁም በኋላ ለ3 ቀን አልኮል አይቅመስ። ዋርፋሪን ከሆነ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አይሆንም። ለወገብና ለጉልበት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የምትውጡ፣ ጨጓራ የመድማት ዕድሉ ይጨምራል። የደም ግፊት መድኃኒት ስትቆሙ የማዞር ጠባይ ካለው ወይን ያብሰዋል። የእንቅልፍ ኪኒን፣ ዳያዝፓምን ጨምሮ፣ ከአልኮል ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ።

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ልቤ ውስጥ ያሉ ሰው አሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር ውስኪ ይልካሉ። ባለፈው ክረምት ግንባራቸው ላይ ሰንበር አይቼ ጠየቅኳቸው። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ወድቀዋል። ቀስ እያልኩ ሳጣራ እራት በሁለት ሰዓት ላይ ጥቂት ቆርሰው ይተዉታል፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ከፍተው ብቻቸውን ይቀዳሉ። «ለእንቅልፍ ነው» አሉኝ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ይቀሰቅሳል፤ ሽንትም ያበዛል። ነግሬያቸው «ነርስ መሆንሽን አልረሳሁም» ብለው ሳቁ።

አሜሪካ ላለችው ልጃቸው ደወልኩ። «እትዬ፣ ደስ እንዲለው ብዬ እኮ ነው» አለችኝና ዝም አለች። አልተቆጣኋትም። ከሩቅ ያለ ልጅ ፍቅሩን የሚልክበት ዕቃ ውስን ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ጠርሙሱ ይቅርና በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዪላቸው፤ ለአንቺ ቀን ነው፣ ለእሳቸው ግን የሚከብደው ሰዓት ያ ነው።

ባለቤቴና እኔ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወይን ቤት ስንሄድ አሁን ጋሼንም ይዘናቸው እንሄዳለን። የመጀመሪያው ቀን ዋጋውን አይተው «በዚህ ብር በግ ይገዛል» አሉ። ጥብስ አዘዝን፣ ከአንድ ብርጭቆ ሲራ ጋር። ብርጭቆውን ይዘው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ተማሪዎቻቸው አወሩን፤ ሥጋውንም ጨረሱ። እሱ ነው ያስደሰተኝ፣ ወይኑ አይደለም፤ ሰውየው ከስተው ነበር። ቤታቸው ያለው ጠርሙስ ግን ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ፤ እንደሚጎድልም አያለሁ። ወደ ሐኪም አብረን የምንሄድበት ቀን ተቆርጧል።

አስተናጋጆችንና ወጣቶችን የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። የሽማግሌ ብርጭቆ ሳይጠየቅ አይሞላ። በባህላችን የጎደለ ብርጭቆ ማየት ነውር ይመስለናል፤ «በሞቴ» ተብሎ ይቀዳል፣ እምቢ ማለትም ክብረ ነክ ይሆናል። ዳሩ ግን በየጊዜው የሚሞላ ብርጭቆ ስንት እንደጠጡ አያስቆጥርም። ባለቤቴ መላ አግኝቷል፤ አጠገቡ ያለውን የውኃ ብርጭቆ ያስሞላና «ቀድተህልኛል» ይላል።

የልጅ ልጆችንም ይዞ መሄድ የምትፈልጉ አላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። «ጣቷን ነክራ ትቅመስ» የሚለውን የአያቶች ቀልድ እኔ በጠረጴዛዬ አልፈቅድም። ወደነዚህ ቤቶች በምሳ ሰዓት ስትሄዱ ቀለል ይላል፤ ልጆቹ ፒዛቸውን ይበላሉ፣ የተጨመቀ ጭማቂ ይጠጣሉ፣ አያታቸው ግማሽ ብርጭቆ ትተው ሲነሱም ያያሉ። የተረፈውን ጠርሙስ ቡሹን መልሰው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። መኪና የያዘ ሰው ካለ ግን እሱ ከመጀመሪያው አምቦ ይዘዝ፤ ካልሆነም ቁልፉን ለልጁ ይስጥና ታክሲ ይጠራ።