«እስቲ ስሙት» — የማንን?

ሰው ደስ ያሰኘውን ዜማ ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። ጆሮው ላይ ያረፈውን ለወዳጁ ካላሰማ የሰማው ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ይታየዋል። ትናንት ይህን ሥራ የሚሠራው ሙዚቃ ቤቱ ነበር፤ ባለሱቁ አዲስ የመጣለትን ካሴት በደጃፉ ድምፅ ማጉያ እየለቀቀ መንገደኛውን ያስቆም ነበር። ዛሬ ሥራው ወደ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ገብቷል። ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ባሻገር በግሼ ደጋ ላይ በተቀመጠችው በራቤል፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ወጣቱ ስልክን ከስልክ እያገናኘ ዜማ ይለዋወጣል፤ ከጥፍር በማትበልጥ «ሚሞሪ» ላይ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ያስጭናል፤ መምህሩም ከአዲስ አበባ የመጣለትን አዲስ ነገር «እስቲ ይህን ስሙት» እያለ ለባልደረቦቹ ያቀብላል።

ልማዱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው ሌላ ነው። ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሠራው ሰው ስም መንገድ ላይ ይወድቃል። ሚሞሪው ሲከፈት የሚነበበው «ትራክ 01» ወይም የቀንና የሰዓት ቁጥር ነው። ዋሽንቱን የነፋው ማን ነው? ማሲንቆውን የመታው ከየት አገር ነው? መቼ ተቀዳ? ሰጪው አይናገርም፤ ተቀባዩም አይጠይቅም።

ይህን ጉዳይ እንደ ተራ ነገር የሚቆጥሩ አሉ። በተለይ ከባህል ሥራ ኃላፊዎች መካከል የኪነት ዕድገት በበዓል መድረክ ላይ በወጡት ቡድኖች ብዛትና በተሰቀለው መፈክር ርዝመት የሚለካ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ «ይህን ስማ» መባባል የቦዘኔ ጨዋታ ነው። የስሕተቱን መጠን ለማየት ከራቤል ብዙም ሳይርቁ፣ በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ የደብረ ብርሃኑን ተወላጅ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለደ። በኦርጋን ተጫዋችነቱ የታወቀው ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል በሠራባቸው ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ሲሻገር አብሮ ሄደ፤ ከጓደኞቹ ከፊሉ ሲመለሱ እርሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከበሮን ተክቶ ከሚመታ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ፣ ሁሉንም ብቻውን እየተጫወተ፣ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ጊዜውም አለፈ። ባለሙያው ታክሲ ነጂ ሆነ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ የአፍሪካን ካሴቶች እየሰበሰበ ለማያውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት «ስሙት» የሚል ሰው፣ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ገዛው። በላዩ ላይ ስም ተጽፎ ነበር። በስሙ ፈልጎ ስልኩን አገኘና ደወለ፤ ተዋዋሉ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ታክሲ ነጂው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጣ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ሰውየውን ወደ መድረክ የመለሰው የዜማው ጥራት ብቻ አልነበረም። በካሴቱ ሽፋን ላይ «የሸዋ ባህላዊ ሙዚቃ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ዜማው ዓለምን በዞረም ጊዜ ኃይሉ መርጊያ ያው ተሳፋሪውን ሲጠብቅ ይኖር ነበር።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት የሚቀስሙ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው «ፈረንጅ አገኘው» ብሎ ያጨበጭባል። አገኘው ማለት ምን ማለት ነው? ካሴቱ በአደባባይ ተሽጧል፤ በብዙ ቤት ተሰምቷል፤ የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዘረፉን» ይላል። የአፍሪካ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ መዘረፉ አይካድም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዘራፊ ለባለንብረቱ አይደውልም። ቁጣው የሚሸፍነው አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ አለ፦ ካሴቱ በነበረበት አገር የሚኖሩ መምህራንና የኪነት ሰዎች በእነዚያ ሃያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለምን አልመሰከሩለትም?

ወጣቱ ዛሬ «ኢንዲ» የሚል ቃል ይዟል፤ ከትላልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ውጭ በራስ አቅም የሚታተም ሙዚቃ ማለት ነው። ቃሉ ለአዲስ አበባ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ገንዘብ አሳተመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ። «ኢንዲ» ፍለጋ ወደ ለንደን የሚያማትር ጆሮ ይህን አልሰማም፤ የነገረው የለማ!

«አምቢየንት» የሚባለው ደግሞ ልብ ቢሰጡትም ባይሰጡትም እንደ ክፍሉ አየር ሆኖ እንዲሰማ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ እ.ኤ.አ. በ1917 «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» ብሎ አስቦት ነበር፤ እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» ከተባለው ሥራው ጋር ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። (በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሙዚቃ ይጫወት የነበረው ግን የደብረ ብርሃኑ ታክሲ ነጂ ነው።) ሙያው በራሱ ክቡር ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ዝግ ብሎ የሚሄደውን ዜማ ሁሉ ወደዚያ ጎራ መክተት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ «ለእንቅልፍ» ተብሎ ይላካል። በገናም «ለጥናት» ተብሎ ከስም አልባ የዝናብ ድምፅ ጋር ይደረደራል።

በገና ለማስተኛት የተሠራ መሣሪያ አይደለም። አሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው፤ የመንዝ በግ የሚታወቀው በሥጋውና በባናው ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይህንም ይቁጠርለት። በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚንዘረዘረው ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። ደርዳሪው የሰውን ከንቱነትና ሞትን እያነሣ የሚያንጎራጉረው ሰሚው እንዲነቃ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ስም መጥራት የቆየ ሥርዓት ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋ የአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ደቀ መዝሙር መሆናቸው አብሮ ይነገራል። ተማሪው ሲደመጥ መምህሩም ይደመጣል። «ትራክ 01» ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ መቀስ ነው።

አሁን ወደ ራቤል እንመለስ። አንድ መምህር ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ዋሽንት ሲነፋ የሰማውን እረኛ በስልኩ ቀድቶ ለባልደረባው ላከ እንበል። ቅጂው ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ባሕር ይሻገራል። እዚያ ሲደርስ ስሙ «የኢትዮጵያ ተራሮች ድምፅ» ሆኗል። አንድ ሰሚ ወድዶት ባለቤቱን ልፈልግ ቢል በየትኛው ቁጥር ይደውላል?

«የሕዝብ ዜማ የግል ባለቤት የለውም፤ ስም መጥራት ግለኝነት ነው» የሚል መልስ ከኃላፊ ወንበር ላይ ተደጋግሞ ተሰምቷል። ዜማው የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው፤ ትንፋሹ ግን የአንድ ሰው ነው። ጣት በየትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚዘገይ የሚወስነው ሰፊው ሕዝብ ተሰብስቦ በእጅ ማውጣት አይደለም። ደግሞስ በየመዝገብ ቤቱ «የሰሜን ሸዋ ባህላዊ ዜማ» ተብሎ በተቀመጠው ክር ፋይል ውስጥ የተጫዋቹ ስም ሲታጣ፣ የቀጂው ባለሙያ ስምና የውሎ አበሉ ልክ ለምን ሳይጓደል ይገኛል? ግለኝነቱን ፈላጊ ከዚያ ይጀምር።

መምህሩ ከመቅዳቱ በፊት እረኛውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ስሙን፣ አገሩንና ዋሽንቱን ያስተማረውን ሰው ይጠይቅ። ሲልክም «አሪፍ ነው» ብሎ አይተው፤ የትኛው ቦታ ላይ ቆም ብሎ እንደሰማና ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ጆሮውን አምኖ የሚያዳምጥ ባልደረባ ይህን ያህል ይገባዋልና። የፋይሉን ስም ከቁጥር ወደ ሰው ስም መለወጥ የባህል መምሪያ በጀት አይጠይቅም፤ ስብሰባም አያስጠራም። ዜማው ራሱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው እስኪተላለፍ ድረስ ተጽፎ ያልቃል።