ሹሙ ሄደ፤ እሽጉ ቀረ



የከተማችን ጊዜያዊ ከንቲባ ወንበሩን ለቋል። «ተባረረ» የሚል አለ፤ «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» የሚል አለ፤ «ወደ ዞን አድጎ ነው» የሚልም አልጠፋም። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆኗል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ በእርሱ ፊርማ የታሸገው መድረሳችንስ መቼ ይከፈታል?

አቤቱታችንን ይዘን በሄድን ቁጥር «እኔ ጊዜያዊ ነኝ፤ መወሰን አልችልም» ይለን ነበር። ለማሸግ ግን ጊዜያዊነቱ አላገደውም። ተተኪው ደግሞ «አዲስ ነኝ፤ ጉዳዩን አላውቀውም» ይላል። በሁለቱ መሀል ልጆቻችን ቁርኣን የሚቀሩት በመስጂዱ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ወንበር መልቀቅ ተጠያቂነት አይደለም። በዲናችንም ሥልጣን አማና ነው፤ ከወንበር የወረደ ከሒሳብ አያመልጥም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በሰውየው መሄድ አንጨፍር፤ ነውሩንም አናውራ፤ ሐሜት ሐራም ነው። በ2004 በአወሊያ ድምፃችንን ስናሰማ ጥያቄያችን የመብት እንጂ የሹም ሽር አልነበረም። ዛሬም ያው ነው። አቤቱታችን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቅጂውን ይዘን፣ በሰላም፣ አዲሱ ሹም ዘንድ እንሂድ። የምንጠይቀው ሰው እንዲቀየርልን ሳይሆን እሽጉ እንዲነሳልን ነው።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!