«ባይወደኝ መች ይቀናል?»



በቅርቡ አንዲት ወጣት እህት ለምክር ቤታችን መጥታ ነበር። እጮኛዋ በየቀኑ ስልኳን ይፈትሻል፤ ከጓደኞቿም አርቋታል። «ይህ አያስፈራሽም?» ስላት ፈገግ ብላ፣ «እትዬ፣ ባይወደኝ መች ይቀናል?» አለችኝ። ቀጥላም ከምትከታተለው ተከታታይ ድራማ ምሳሌ ጠቀሰችልኝ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ብዙ ቤት ገብተዋል። እኔም አይቻለሁ፤ ማየት ኃጢአት ነው ልላችሁ አልተነሣሁም። ጥያቄዬ ልጆቻችን ከዚያ ምን ይዘው ይነሣሉ የሚል ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ የሚያሳይ ፊልም ለሕፃናት አሳየ። ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ባነሰ መጠን አስመሰሉት። ያዩትን ደግመው ቢያሳዩ ስጦታ እንደሚያገኙ ሲነገራቸው ግን እነርሱም እንደ ሌሎቹ አድርገው አሳዩ። ለካ ሁሉም ተምረውታል!

እንግዲህ አስቡት። በድራማው ቀናተኛው ወንድ ይጮኻል፣ እጇን ይጎትታል፣ በመጨረሻ ግን ልቧን ያገኛል። ቅናቱ ተሸለመ ማለት ነው። ልጃችን ይህን የምታየው አንድ ቀን ሳይሆን ምሽት በምሽት ነው።

በዚያው ሰሞን የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ስለ ትዳር ምን እንደምታስብ ጠየቅኋት። «አንቺና አባባ የምትዋደዱ አይመስለኝም፤ ስትጣሉም ስትታረቁም አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ደነገጥሁ። የምንጣላው በር ዘግተን ነው፤ የምንታረቀውም እዚያው ነው። ልጆቻችን አባታቸው ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ እኔም ስጠይቀው አላዩም። እኛ የደበቅነውን ትምህርት ድራማው በራሱ መንገድ አስተማራቸው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋታችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ። «ይህ ሰው ባልሽ ቢሆን ነገ ጠዋት እንዴት ትኖሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ስለ ፍቅር ሲጽፍ ከትዕግሥት ይጀምራል፤ ቅናትን ግን የፍቅር ጠባይ አያደርገውም። ይህንን አብራችሁ አንብቡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትበድሉ በልጆቻችሁ ፊት ይቅር ተባባሉ። እኛ ቤት ተጀምሯል፤ መጀመሪያው አሳፍሮን ነበር።

ያች እህት ቀለበቷን አላወለቀችም፤ ሠርጉን ግን አስተላልፋለች። በጸሎታችሁ አስቧት።