ሰንጠረዡ የማይነግረን



ለእረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ብዙዎቻችን ለ12ኛ ክፍል ወንድምና እህቶቻችን ቱቶሪያል እንሰጣለን። ዘንድሮም ይዘን የምንሄደው ያንኑ የድሮ ፈተና ጥራዝ ከሆነ ግን ብዙም አንጠቅማቸውም ባይ ነኝ።

12ኛ ክፍል ሳለሁ በሞዴል ፈተና ላይ የአራት ፈሳሾች ፒኤች በሰንጠረዥ ተሰጠን። አንዱ 3፣ ሌላው 5 ነው። የመጀመሪያው የሃይድሮጅን አዮን ክምችት ከሁለተኛው በስንት እጥፍ ይበልጣል? ሰንጠረዡን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መልሱ እዚያ የለም። ፒኤች በ1 ሲቀንስ ክምችቱ 10 እጥፍ እንደሚጨምር የሚያውቅ 100 ብሎ ያልፋል። እኔ ከ5 ላይ 3 ቀንሼ 2 መረጥኩ፤ ያውም ስድስት ደቂቃ ፈጅቼ። መጨረሻ ላይ የማውቃቸው ጥያቄዎች ሳልደርስባቸው ሰዓቱ አለቀ።

ተማሪው አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህን ነው፦ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነው ወይስ ከራሱ የሚወጣ? ግራፍ ደጋግመው ሲያዩት ይናገራል። ያልያዙትን እውቀት ግን ማፍጠጥ አያመጣውም። የማይሆኑትን ምርጫዎች ሰርዞ፣ ገምቶ ይለፍ። መመሪያው ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ካላለ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። (ኡስታዞቻችን ለማናውቀው «አላሁ አዕለም» በሉ ያሉን ለዲን ጉዳይ እንጂ ለመልስ መስጫ ወረቀት አይደለም።)

ታዲያ አይሸምድድ ማለቴ ነው? አይደለም። መድረሳ ያደግን ልጆች በሽምደዳ ስንታማ ኖረናል፤ ሒፍዝ ያለ ሙራጀዓ እንደማይቆይም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ 500 ጥያቄ ከነመልሱ ከሚሸከም፣ በየትምህርቱ ጥቂት ገጽ መሠረታዊ ነገር ይዞ በየሳምንቱ ይመለስበት፤ ግን ከነምክንያቱ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል መሆኑን የገባው ልጅ፣ ክዳኑ የታፈነ ድስት ለምን ቶሎ እንደሚያበስል ቢጠየቅ አይደነግጥም። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ብቻ የያዘው ግን ይደነግጣል።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል ስንቱ ሊትመስ ወረቀትን በስም ብቻ ያውቅ ይሆን? እኔ ራሴ በዓይኔ ያየሁት እዚህ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጀመዓችን ለፎቶ ኮፒ ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ ሊትመስ ወረቀትና ጥቂት ቴርሞሜትር ይግዛልን። ሎሚና የአመድ ውሃ ከየቤቱ አይጠፋም።