ምልክት ወይስ ምስል? በጦር ስልት ጨዋታዎች ላይ ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚነሣው ክርክር

የጦርነትን አመራር በቁም ነገር ለማሳየት የሚሠሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በሚያዘወትሩ ሰዎች መካከል ለረጅም ዓመታት ሳይቋጭ የቆየ ክርክር አለ። የጦር ክፍሎች በካርታ ላይ እንዴት ይታዩ? አንደኛው ወገን በአራት ማዕዘን ውስጥ የተሰመረው ወታደራዊ ምልክት ይበቃል ይላል። ሌላው ወገን የሚራመድ እግረኛ፣ የሚተኩስ ታንክና የሚነሣ አቧራ ማየት ይሻል። ክርክሩ ከውጭ ሲታይ የጣዕም ጉዳይ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም «ለሰው እንደ ምርጫው» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ጉዳዩ ከጣዕም ይልቅ የዕውቀት ነው የሚል ነው። ማንኛውም ሥዕል ስለሚወክለው ነገር የሚናገረው አለ፤ ስለዚህ መመርመር ያለበት የሚናገረው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ ነው።

የምልክቱ መነሻ

ምልክቱ የኮምፒውተር ዐቅም ውስን በነበረበት ዘመን በግድ የተመረጠ ነው የሚል ግምት አለ። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ጌኦርግ ሃይንሪኽ ፎን ራይስቪትስ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ባዘጋጀው የጦርነት ጨዋታ የጦር ክፍሎች የሚወከሉት በካርታው መለኪያ ልክ በተሠሩ ትንንሽ ጠፍጣፋ መጫወቻዎች ነበር። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል የሚቀመጠው ዳኛ አንዱ ወገን ሊያየው የማይችለውን የሌላውን ጦር ካርታው ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ መጫወቻው የሚያሳየው አዛዡ ሊያውቅ የሚችለውን ብቻ ነበር፤ የጦርነቱን ገጽታ ማስመሰል ዓላማው አልነበረም።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1954 የቻርልስ ሮበርትስ «ታክቲክስ» ለገበያ ከቀረበ በኋላ የመጡት የገበታ ላይ ጨዋታዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በትንሽ ካሬ ካርቶን ላይ ሁለት የተጠላለፉ መስመሮች እግረኛን፣ ሞላላ ቅርጽ ታንከኛን፣ ጥቁር ነጥብ መድፈኛን ያመለክታሉ። ከምልክቱ በታች የክፍሉ የውጊያ ጉልበትና የመንቀሳቀስ ዐቅም በቁጥር ይጻፋል። የለመደ ዐይን በአንድ አፍታ ግንባሩን ከዳር እስከ ዳር ያነብባል።

የምስል ወገን ክርክር

የምስል ደጋፊዎችን ላይ ላዩን የሚያዩ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በመጀመሪያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን ያልተማረ ሰው ከደጅ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ፓንዘር ጄኔራል» ባለ ስድስት ጎን በሆኑ የካርታ ክፍሎች ላይ የታንክና የእግረኛ ሥዕል በማስቀመጡ ለብዙ አዲስ ተጫዋቾች በር ከፍቷል። ሁለተኛውና የበለጠ ክብደት ያለው ክርክር የሥነ ምግባር ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከስድስት ወደ አራት ሲወርድ በእውነቱ ዓለም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል፤ አራት ማዕዘኑ ግን አይደማም። ጦርነትን ወደ ሒሳብ የሚለውጥ ምልክት ለተማሪ ምን ያስተምራል? ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነገር ግን ተንቀሳቃሹ ሥዕል ይህን ጉድለት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ኸርትስ ኦቭ አይረን አራት» ተጫዋቹ ወደ ካርታው ሲቀርብ አንድ ክፍለ ጦር በአንድ ወታደር ወይም በአንድ ታንክ አምሳል ይታያል። ይህ ወታደር ከዐሥር ሺህ በላይ ሰዎችን ሊወክል ይችላል። እርሱ ቆሞ ሲተኩስ የክፍሉ ሲሶ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ከአቋሙ ግን ይህ አይነበብም። ምልክቱ ሞትን በቁጥር ውስጥ ሲሰውር፣ ምስሉ በሕያው ሰው ጀርባ ይሰውረዋል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው የበለጠ አሳሳች ነው፤ ምልክት ምልክት መሆኑን አይደብቅምና።

ሥዕል ከስምምነት ውጭ የሆነ ንጹሕ እውነት ነው የሚለው ግምትም አይጸናም። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን የአገራችንን ባህላዊ ሥዕሎች እናስታውስ። የኢትዮጵያ ወገን ፊቱ ለተመልካቹ ይገለጣል፤ ጠላት ግን በአንድ ዐይኑ፣ በጎን ይሣላል። ይህን ደንብ የማያውቅ ተመልካች ሰዎችን ያያል እንጂ ሥዕሉን አያነብብም። ምስልም እንደ ምልክት የሚማሩት ቋንቋ አለው።

ልኬት እንደ መመዘኛ

ታዲያ ምስል መቼ ይገባል? የእኔ መልስ፦ የሚታየው ነገር ተጫዋቹ ከሚያዝዘው ነገር ጋር በልኬት ሲገጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ኮምባት ሚሽን» ዐሥር ያህል ሰዎች ያሉትን ጓድ በሦስት ወታደሮች ምስል ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዚሁ ተከታታይ ጨዋታ ግን እያንዳንዱን ወታደር ለየብቻ አሳየ። በዚህ ደረጃ የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ መረጃ ነው፤ የተኛ ወታደር በተኩስ ብዛት ቀና ማለት አቅቶታል፣ የሚሮጥ ወታደር ተጋልጧል። ሆኖም ምስሉ «ይህ አንድ ሰው ነው» ካለ፣ ተጫዋቹም «ይህ ሰው ስለ ምን ከግንቡ ውጭ ቆመ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ያገኛል። ምስል በቀረበ መጠን ተጠያቂነቱም ይጨምራል።

ልኬቱ ወደ ክፍለ ጦርና ወደ ኮር ሲያድግ ግን አዛዡ በእውነቱም ዓለም የሚያየው ካርታ ነው። በዚያ ደረጃ ያለ ምክንያት የሚወዛወዝ ምስል ዕንቅፋት ይሆናል። የሰው ዐይን በዳር በኩል ለሚታይ እንቅስቃሴ ፈጥኖ ይዞራል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ከተንቀሳቀሰ ትኩረት የሚሻው አንዱ ክፍል ተለይቶ አይታይም።

ስለ አማራጭ ቁልፍ

ዛሬ ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ምልክትን ወይም ምስልን እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ይህ መልካም ነው፤ ክርክሩን ግን አይዘጋውም። የክፍሉ ድካምና የስንቅ እጥረት በአንደኛው መልክ ታይቶ በሌላው ካልታየ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ጨዋታ እየተጫወቱ አይደለም። ምርጫው የጣዕም የሚሆነው ሁለቱ መልኮች እኩል መረጃ ሲሰጡ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዘርፉ ለሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተጫዋቾችን «የትኛውን ትወድዳላችሁ?» ብሎ መጠይቅ መበተን ክርክሩን ከመድገም አያልፍም። ይልቁንም አንድን የጦር ሁኔታ በሁለቱም መልኮች አቅርቦ፣ ተመልካቹ ስለ ጦሩ ብዛት፣ ስለ ድካሙና ስለ ጉዳቱ ምን እንደሚያምን መጠየቅና ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይቻላል። የትኛው መልክ የትኛውን ስሕተት እንደሚወልድ ስናውቅ የትኛው ለየትኛው ልኬት እንደሚስማማ መወሰን እንችላለን። እነዚህ ጨዋታዎች ለወታደራዊ ትምህርትና ለታሪክ ማስተማሪያ ማገልገላቸውን ስናስብ፣ የሚወልዱት ስሕተት በጨዋታው ገበታ ላይ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ግልጽ ነው።